የኔ ነው በይ

የድህነት ማስረጃ ልታወጣ ገብታ ሀብታም ሆና የወጣች ሴት ካለች እታለም ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእታለም አንድያ ልጅ ልቧን ታማለች። የሙአለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ሲያማት ችላ የተባለው ነገር ውሎ አድሮ ልቧ ላይ ወጣ፤ አሁን ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቁጭ ትላለች፣ ተማሪዎቿን ስታዘምር እሷ በእጇ ብቻ ታጨበጭባለች። ሐኪሙ የልቧ በር ጠቧል፣ መቀየር አለበት፣ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም አለ። ዋጋውን ሲነግራት እታለም ሳቅ አመለጣት። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበርና አልተቀየማትም። «አይዞዎት፣ ከወረዳ የድህነት ማስረጃ ካመጡ በነጻ ይሠራላታል፤ ወረፋውም እስከዚህም አይደለም» አላት። ድህነት ከሆነማ ማን ይቀድመኛል ብላ እየተቻኮለች ሄደች።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ጸሐፊ የእታለምን ስም ከነአባቷ ከነአያቷ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባች፤ ቅንድቧን ሰቀለች፤ አጠገቧ ያለችውን ባልደረባዋን በክርኗ ነካ አድርጋ አሳየቻት። ሁለቱም ሳቁ።

«እማማ፣ በጠዋቱ ባይቀልዱብን ምናለ?»

«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«ዋናው መንገድ ላይ ያለው፣ ታች ፋርማሲ ያለበት፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ የማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። የባለቤቱ ይሆናላ።»

«ባለቤቱማ እርስዎ ነዎት!»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። ክራንች የያዘ አንድ ሰውዬ «ጥጋብ ነው፤ ሞልቷቸው የኛን ይሻማሉ» አለ፤ ሌላው «ዓይኗን በጨው አጥባ» አለ። እታለም ሕንጻውን ታውቀዋለች። የልጇን መድኃኒት የምትገዛው ከሥሩ ካለው ፋርማሲ ነው። አንድ ቀን ዝናብ ሲደርስባት በረንዳው ሥር ብትጠለል ዘበኛው ገፍትሮ አባሯታል። የሷ ሕንጻ፣ የሷ ዘበኛ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። የዛሬ ሁለት ዓመት ወንድሟ ቢሮው አስጠርቷት «ለክፉ ቀንሽ ነው» ብሎ አውራ ጣቷን ቀለም ነክሮ ብዙ ወረቀት ላይ አሳትሟት ነበር። ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችም። ወንድም እህቱን ሲያስፈርም ምንድን ነው ተብሎ ይጠየቃል?

ወንድሟ ለአገሩ ሁሉ ክቡር ሚኒስትር ናቸው። እኛ ግን የምንውለው ከእታለም ጋር ስለሆነ እሷ እንደምትጠራው ድንቡሼ እንለዋለን። እናታቸው ስትሞት ገና ይድሃል። እታለም እሷው ልጅ ሆና የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው፤ ጉንጮቹ ድንቡሽቡሽ ያሉ ስለነበሩ ስሙን እሷ አወጣችለት። አፉን ሲፈታ እማም እትም አላለም። «የኔ» ነው ያለው። ጎረቤት እስኪሰበሰብ የሚያስቀው ነገር ነበር። የእንጨት ማንኪያውን አንስታ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ እያዜመች «ያንተ አይደለም፣ የኔ ነው» ስትለው መጀመሪያ ጆሮው ይቀላል፣ ቀጥሎ የግንባሩ ሥር ይገታተራል፣ ከዚያ «የኔ ነው!» ብሎ ሲጮህ መንደሩ ይሰማዋል። ከዚያ ወዲያ ገደል አለ ቢሉትም አይመለስ።

እሷ ደግሞ ያችን ቃል ሳትማራት ነው ያረጀችው። የሰው ቤት ለፍታ የኖረች ሴት ምኑን የኔ ትበል? ዕድሜ ልኳን የያዘችውን ካውያ «የናንተው ካውያ» ትለዋለች። ከወንድሟ ቪላ ጓሮ፣ ከልጇ ጋር የምታድርባትን አንዲት ክፍል «እነሱ ጓሮ» ትላታለች። የሚኒስትሩን ሸሚዝ የምታጥበውና የምትተኩሰው እሷ ናት፤ የሌላ ሰው እጅ ኮሌታውን አያውቅበትም ተብሎ። «ልጅሽ ናት?» ብለው ሲጠይቋት እንኳ «የናንተው ናት» ነው መልሷ።

የዚያን ዕለት ማታ በጓሮ በር ገብታ ሳሎኑ ደፍ ላይ ቆመች። ድንቡሼ ጠዋት እሷ የተኮሰችለትን ነጭ ሸሚዝ እንደለበሰ ወዲያና ወዲህ ይላል። የባለሥልጣናቱን ሀብት ከየት አመጣችሁ የሚል ኮሚሽን ተቋቁሞ እሱ ላይ ከደረሰ ሰነባብቷል፤ ይህን እታለም አታውቅም።

ወረዳ የገጠማትን ነገረችው። ጠጋ ብሎ እጇን ያዛት፤ እጇን ከያዘ ስንት ዘመኑ!

«እታለምዬ፣ ለማን ብዬ ነው ያደረግሁት? ላንቺና ለልጅቷ ብዬ አይደል?»

«እንግዲያው አንዱን ፎቅ ሽጠህ አሳክምልኛ።»

«ታግዷል። ምርመራ ላይ ነው፣ አይሸጥም።»

«ከኪስህ ስጠኛ።»

«ከየት አመጣሁት ልበል? ደሞዜ ይታወቃል። እኔኮ ወረቀት ላይ ከማንም ደሞዝተኛ አልበልጥም።» ይህን ሲል ከልቡ ያዘነ ይመስል ነበር።

እዩት እንግዲህ። ሀብታሙ ድሃ ስለሆነ አይከፍልም፤ ድሃዋ ሀብታም ስለሆነች በነጻ አትታከምም። መሀል ላይ አንዲት ልጅ ትንፋሽ ያጥራታል።

«አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ» አለ ድንቡሼ። «ፍርድ ቤት ቀርበሽ የኔ ነው በይ። በቃ። እግዱ በተነሣ በሳምንቱ ልጅቷን ራሴ ይዣት እሄዳለሁ። በእናታችን አፅም!»

ልጅቷ ነገሩን ስትሰማ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። ቀና ለማለት እንኳ ሁለት ጊዜ ማረፍ ነበረባት።

«እማዬ፣ እውነቱን ተናገሪ። ሕንጻው ወደ መንግሥት ይሄዳል፣ እኛም ወደ ድህነታችን እንመለሳለን፣ ወረቀቱን ይሰጡናል። እባክሽ ድህነታችንን አስመልሺልኝ።»

«ወንድሜ ይታሰራላ።»

«እኔስ?»

«ያሳደግሁት ልጅ አይዋሸኝም» አለች እታለም።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እዚህ ላይ እታለምን ብትረግሟት አልፈርድባችሁም። እኔም ረግሜያታለሁ።

ትምህርቱ በማግስቱ ተጀመረ። አስተማሪው የድንቡሼ ጠበቃ ነው፤ ከረሜላ ከአፉ የማይለይ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው። ዕቃ ቤት ውስጥ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ሕንጻው የማን ነው እማማ?»

«የናንተው ነው።»

«የኔ ነው ይበሉ።»

«ያንተ ነው?»

«የኔ አይደለም! እርስዎ ነዎት የኔ የሚሉት!» ከረሜላው ትን ሊለው ምንም አልቀረው። «እሺ፣ ከምን አመጡት?»

«ከድንቡሼ።»

«ከሟች ባልዎ! ባልዎ የጣውላ ነጋዴ ነበሩ።»

እታለም በመከራዋ መሀል ሳቀች። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። በዕድሜው የነገደው ነገር ቢኖር የሷን ጫማ ነው፤ ሸጦ ጠጣበት። ጠበቃው ግን ሟቹን ነጋዴ አድርጎ፣ መጋዘን ሰጥቶ፣ ጡብ በጡብ ሕንጻ አሠርቶ አረፈ። እሷም ተማረች። «የኔ» የምትለው ቃል ስትወጣ አፏ ላይ የሰረቀች ያህል ትከብዳት ነበርና ካውያዋ ላይ ትለማመዳለች። «ካውያው የኔ ነው። ባልዲው የኔ ነው።» ድምጿ ባነሰ ቁጥር ጠበቃው ጠረጴዛውን ይመታል። «አልሰማሁም፣ ጮክ ይበሉ!»

የችሎቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዐቃቤ ሕጓ ጉንፋን የያዛት፣ መሀረብ ከእጇ የማይለይ ሴት ናት፤ ከቁጣ ይልቅ ልስላሴ ይቀናታል። እታለም እውነት ልትናገር ማለች። ዐቃቤ ሕጓ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ክፍሏ፣ ስለ ልጇ ሕመም አንድ በአንድ ጠየቀቻት፤ እታለም እውነቱን መለሰች። በመጨረሻ «ታዲያ እማማ፣ ሕንጻው የማን ነው?» አለቻት፣ እንደ ልጅ ሆና።

«የናን...» አለችና እታለም ቆመች። ዓይኗ ድንቡሼ ላይ አረፈ። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። የሕፃንነቱ ፊት ነው፤ እናታቸው የሞተች ዕለት የነበረው። አንጀቷን በላው።

«የኔ ነው» አለች። ከዚያ ጣውላውን፣ መጋዘኑን፣ ጡቡን ሁሉ አንዱንም ሳታስቀር አወጋቻቸው። ዳኛው «ጮክ ይበሉ» ማለት እንኳ አላስፈለጋቸውም።

ሚኒስትሩ ነጻ ወጡ። ድንቡሼ ካሜራ ፊት እህቱን እቅፍ አድርጎ አለቀሰ፤ በነጋታው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ካሜራው ሲሄድ ዐቃቤ ሕጓ ኮሪደሩ ላይ እታለምን ጠበቀቻት።

«እማማ፣ ውሸት መሆኑን እኔም እርስዎም እናውቃለን። ዛሬ እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ ልጅዎን ነገውኑ ራሴ ወስጄ አስመዘግባት ነበር። አሁን መዝገቡ ተዘግቷል። እሱ ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ ሰው ፊት የኔ ነው ካላለ በቀር የሚከፍተው የለም።» አፍንጫዋን ጠርጋ ሄደች።

እግዱ ተነሣ። ሳምንቱ አለፈ። ድንቡሼ ሰበብ አላጣም። መጀመሪያ «የሰው ዓይን ገና አልተነሣልንም» አለ። ቀጥሎ ስብሰባ አለብኝ፣ ሹመት ሊለወጥ ነው፣ በዚህ ሰሞን ወጪ ባይታይብኝ ጥሩ ነው አለ። እሱ ይህን ሲል ሚስቱ ጥርሷን ልታስነጣ ውጭ አገር ሄዳ መጣች። እታለም ስትለምነው «አትጨቅጭቂኝ፣ ልጅቷ እንደሆነ ከሕፃንነቷ ጀምራ የታመመች ናት» አላት። ልጅቷ እግሯ አበጠ። ትራስ ደራርባ፣ ተቀምጣ ማደር ጀመረች። እናቷን ግን አንድ ቀን እንኳ አልኩሽ አላለቻትም፤ ብትላት ይሻል ነበር።

አንድ ጠዋት ድንቡሼ ለአዲሱ ሹመቱ ቃለ መሐላ የሚለብሰው ነጭ ሸሚዝ በአስቸኳይ ይፈለግ ነበር። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ልጅቷ ከአልጋዋ ሆና «እማዬ፣ ነይ ትንሽ አጠገቤ ቁጭ በይ» አለች።

«መጣሁ፣ ይቺን እጅጌ ልጨርስ» አለች እታለም።

እጅጌው ሲያልቅ ልጅቷም አልቃለች። ካውያው ገና ትኩስ ነበር።

ቀብሩ ላይ መኪና ከመኪና ተላተመ። የሙአለ ሕፃናቱ ልጆች በሰልፍ መጥተው፣ ማጨብጨብ ይገባል አይገባም ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። ሚኒስትሩ ጥቁር መነጽር አድርገው ንግግር አደረጉ። «የእህቴ ልጅ ብቻ አልነበረችም» አሉ፣ አፋቸውን ሞልተው። «የኔም ልጅ ነበረች። የኔ ነበረች።»

እስከዚያች ሰዓት አንገቷን ደፍታ የነበረችው እታለም ቀና ብላ አየችው። የሰማችው ቃሉን ነው፤ አባባሉን። ማንኪያውን ስትቀማው እንደዚሁ ነበር የሚለው።

ሐዘኑ ሳይደርቅ ለሕንጻው ገዢ ተገኘ። ድንቡሼ ቀብድ ተቀብሎ አጥፍቶታል፤ ገዢው ደግሞ ቀልድ የማያውቅ፣ ወፍራም የአንገት ሰንሰለት ያሰረ ሰው ነው። የቀረው የእታለም አውራ ጣት ብቻ ነበር። ይዟት ሄደ፤ ገዢውም አብሯቸው ነበር። ውል የሚፈጸመው ያው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ መደርደሪያ የመሰለ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ወዲህ ወረፋ የያዘ ሕዝብ። ሚኒስትር ወረፋ አይጠብቅምና ቀጥ ብለው ፊት ሄዱ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሚኒስትሩን ፎቶ ያነሣል።

ሹሙ አዛውንት ነው። የእታለምን አውራ ጣት ይዞ ቀለሙ ላይ ጫን አደረገና ደንቡን ጠየቀ። «እማማ፣ ሕንጻውን የሚሸጡት ወደው ፈቅደው ነው?»

«የኔ ነው» አለች እታለም።

«አዎ፣ የርስዎ ነው። ስለዚህ እዚህ ጋ...»

«የኔ ነው። አልሸጥም።»

ድንቡሼ ሳቀ። ሐዘን ነው፣ አእምሮዋን ነክቷታል አለ። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ «እታለም፣ አታዋርጂኝ፤ ሰውዬው ይገድለኛል» አላት።

«ማን ነህ አንተ?» አለች፣ እንዳስተማሯት ጮክ ብላ። «ባሌ የጣውላ ነጋዴ ነበር። ጡብ በጡብ የሠራው እሱ ነው። ፍርድ ቤት መስክሬያለሁ፣ ዳኛ ፈርዶልኛል። ከዚያ ሕንጻ ላይ ያንተ የሆነች አንዲት ሚስማር የለችም። ምን አለህ አንተ? ወረቀት ላይ ከማንም ደሞዝተኛ አትበልጥም።»

ከወረፋው ሳቅ ተሰማ። ገዢው ድንቡሼን ከእግር እስከ ራሱ አየው። የድንቡሼ ጆሮ ቀላ። እታለም አየችው፤ ይህን ጆሮ ከማንም ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት።

ከጠረጴዛው ላይ የባለቤትነት ወረቀቱን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ በዚያች በጥንቷ ዜማ አለችው።

«ያንተ አይደለም፤ የኔ ነው።»

የግንባሩ ሥር ተገታተረ። «የኔ ነው» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«አልሰማሁም። ጮክ በል።»

«የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ ክቡር ሚኒስትሩ። «የኔ ነው! እያንዳንዷ ጡብ የኔ ናት! ያመጣሁት እኔ፣ ያሠራሁት እኔ! አንቺ ማን ነበርሽ? ልብስ አጣቢ! ስምሽን ብቻ ነው የወሰድኩት፣ ሰምተሻል? ስምሽን ብቻ!»

ሹሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ስልኮቹ እንደተነሡ ነበሩ። ገዢው እግሬ አውጪኝ ብሎ ደረጃውን ወረደ። ድንቡሼ ያለውን ነገር ከራሱ አፍ ሳይሆን ከሰው ፊት ላይ ነው የሰማው፤ አንድ በአንድ ሲያያቸው ቆሌው ተገፈፈ። «እታለም» አለ፣ በዚያው በሕፃንነት ፊቱ። «እታለምዬ፣ አስተካክይልኛ።»

ድሮ ቢሆን ታስተካክልለት ነበር። አሁን ቀረብ አለችውና ቀለም የነካ አውራ ጣቷን ነጩ ሸሚዙ ላይ፣ ኮሌታው ሥር፣ ረጋ ብላ ጠረገችው።

«ይሄንን ራስህ እጠበው» አለችው።

ዐቃቤ ሕጓ ሳይመሽ ደረሰች፤ ፖሊስም አብሮ። ሹሙ አዝኖላት «እማማ፣ በሐሰት መስክረዋልና እርስዎም መጠየቅዎ አይቀርም» ሲላት «አውቃለሁ፤ እዚያም ልብስ ይታጠባል» አለችው። ወንድሟን በፊት በር፣ በካሜራ መሀል አስወጡት። እሷን በጓሮ ደረጃ ወደ ታች ይዘዋት ሲወርዱ በዚያ መስኮት በኩል ማለፍ ነበረባቸው። ጸሐፊዋ አወቀቻት፤ የላይኛውን ፎቅ ወሬ ሰምታለች። እታለም ፖሊሱን አንድ ጊዜ አለችው። ቆመላት።

«ልጄ፣ አሁንስ ድሃ ነኝ?»

ጸሐፊዋ አፍራ ዓይኗን ሰበረች። «አዎ እማማ። አሁንማ ማስረጃውን እንሰጥዎታለን። ለማን ነበር የፈለጉት?»

«ለልጄ» አለች እታለም። «የኔ ነበረች።»